ስቡን ማን አሻገረው?

ሊቄ፦ ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት የት አይተህ ታውቃለህ?

ቀስዬ፦ እዚህ ሰሌዳ ላይ።

ሊቄ፦ እሱማ አንተ ስለሣልከው ነው። አንዱን ጫፍ አጥፋው አልኩህ።

ቀስዬ፦ ቆይ፣ የትኛውን?

ሊቄ፦ ወደ ውስጥ የሚያመለክተውን ነዋ። የእኛ ፕሮቲን ስብ ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው።

ቀስዬ፦ ገና አላየነውማ። እስኪለይለት ሁለቱም ይቀመጡ። ምግብ አይጠይቁ፣ ምን አስቸኮለህ?

[ቦታው አንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ናት፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሌት ተቀን የሚያጉረመርም ፍሪጅ፣ ብርሃን የሚለካ ማሽንና እግሩ የሚወላገድ ወንበር። ሊቄ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ስለሚጀምር። ቀስዬ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ነው። እኩል ተምረዋል፣ አንድ ላይ ተቀጥረዋል፤ ብቻ ቀስዬ አፉን ከ«ቆይ» በፊት ከፍቶ አያውቅም፣ ቀልድም የሚገባው ሰው ሁሉ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ዛሬ የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሯ ሥራው ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑ እንግዶች ይዘው ይመጣሉ። ሊቄ ፕሮቲኑ ስብ እንደሚያሻግር ካላሳያቸው ሥራው ይዘጋል፣ እሱም ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ጥናት ከሀ ይጀምራል። ሚስቱ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል።]

ሊቄ፦ እህትህ ጠዋት ስትሸኘኝ ምን አለችኝ መሰለህ? «ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ላውርደው ወይስ ይቀመጥ?»

ቀስዬ፦ በዚያ ሆዷ ሻንጣ ልታወርድ?

ሊቄ፦ እኔም ያልኳት እሱን ነው። ማታ መልሱን አመጣልሻለሁ አልኳት። በል ተወው ቀስቱን፣ ለእንግዶቹ የምናገረውን ስማኝ። አንተ እንግዳ ነህ፣ ስለ ባክቴሪያ ምንም አታውቅም።

ቀስዬ፦ እሺ። [ወላጋዳው ወንበር ላይ ተቀመጠና እግሩን አነባብሮ፣ ፊቱን እንደ ትልቅ ሰው ከበድ አደረገው።] ቀጥል።

ሊቄ፦ የተከበራችሁ እንግዶች። የእኛ ባክቴሪያ ሁለት ሽፋን አለው፣ አንድ የውስጥ፣ አንድ የውጭ። በሁለቱ መሀል ውሃ አለ። ሽፋኖቹ የተሠሩት ከስብ ነው። ስቡ የሚመረተው ግን በውስጥ በኩል ነው። ታዲያ የውጩ ሽፋን ስቡን ከየት ያገኛል?

ቀስዬ፦ ጎረቤት ይጠይቃል።

ሊቄ፦ መልስ አልጠየቅኩህም።

ቀስዬ፦ ጠየቅከኝ እኮ።

ሊቄ፦ ጠይቄ የምመልሰው ራሴ ነኝ፣ የንግግር አካሄድ ነው። ስብ ውሃ ይጠላል። ስለዚህ ብቻውን አይሻገርም፣ የሚያሻግረው ፕሮቲን ይፈልጋል። ፕሮቲኑ ሆዱ ላይ ሰርጓዳ ቦታ አለው። ስቡን እዚያ ውስጥ ይሸሽግና ውሃ ሳያስነካ ወደ ማዶ ያደርሰዋል።

ቀስዬ፦ ቆይ። ፕሮቲኑ ራሱ የሚኖረው የት ነው?

ሊቄ፦ ሽፋኑ ውስጥ፣ ስቡ መሀል ተሰክቶ።

ቀስዬ፦ እሱም ውሃ ይጠላላ።

ሊቄ፦ ይጠላል። ለዚህ ነው ከሽፋኑ ስናወጣው ሳሙና የምናለብሰው። አለዚያ ውሃ ሲነካው ተኮማትሮ አይረባም።

ቀስዬ፦ የገላ ሳሙና ነው የልብስ?

ሊቄ፦ የላቦራቶሪ ሳሙና ነው። የምትበጠብጠው አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ?

ቀስዬ፦ እንግዳ ነህ ስላልከኝ ነው። እንግዳ ደግሞ ሳሙና ስብ እንደሚያጥብ ያውቃል። ቤቱ ሳህን አለዋ።

ሊቄ፦ የምንጨምረው ጠብታ ነው። በጠብታ ሳሙና ምን ይታጠባል? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደግሞ የሚጠይቅ እንግዳ የለም።

ቀስዬ፦ እኔስ?

ሊቄ፦ አንተ እንግዳ አይደለህም፣ ዘመድ ነህ።

[ሊቄ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንዲት ትንሽ የመስታወት ኩባያ አንስቶ ወደ መብራቱ አሳያት። እዚህ ላይ ድምፁ ለስለስ አለ፤ ይህችን ኩባያ ሲይዝ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።]

ሊቄ፦ እዚህች ውስጥ ሁለት ዓይነት የስብ ኳሶች አሉ፣ በዓይን የማይታዩ። ግማሾቹ ውስጥ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት ስብ ተጨናንቋል። ቀለሙ ሲጨናነቅ አያበራም።

ቀስዬ፦ እንደ ታክሲ። ተጨናንቆ ማን ይስቃል?

ሊቄ፦ እሱን ለእንግዶቹ እነግራቸዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ሌሎቹ ኳሶች ቀለም የለባቸውም። ፕሮቲኑ ስቡን ከነዚያ ወደነዚህ ሲያሻግር ቀለሙ ቦታ ያገኛል፣ ያበራል። ብርሃን ታየ ማለት ስብ ተሻገረ ማለት ነው።

ቀስዬ፦ ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም?

ሊቄ፦ አይችልም። ሰማያዊ ክዳን ያለውን ብልቃጥ አቀብለኝ።

[ቀስዬ በረዶ ወደ ሞላው ሳጥን አጎነበሰ። ሊቄ ኩባያዋን ማሽኑ ውስጥ ከተተና ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ብልቃጥ እጁ ላይ መጣለት። ከፈተ፣ በመምጠጫ ቱቦ ቀዳ፣ ጨመረ፣ ብልቃጡን መልሶ ወደ ኋላ ሰጠ። ስክሪኑ ላይ ተጋድማ የነበረችው መስመር ተፈናጥራ ወጣች።]

ሊቄ፦ አየህ?

ቀስዬ፦ አየሁ። ቆይ።

ሊቄ፦ የምን ቆይ ነው። ተሻገረ እኮ። ባለፈው ሳምንት ካየነው እንኳ ትበልጣለች። ስልኬን ስጠኝ።

ቀስዬ፦ ቆይ፣ አትደውል።

ሊቄ፦ አንተ ሠርግ ላይም «ቆይ» ትላለህ። [ደወለ።] ጤና ይስጥልኝ ፕሮፌሰር። አዎ፣ እኔ ነኝ። ተሻገረ። እንዴት ብዬ ልንገርዎት፣ እንደ ሮኬት ነው የወጣው። እንግዶቹን ይዘዋቸው ቢወርዱ... ሻይ እየጠጡ ነው? ግድ የለም፣ ይጠጡ። እኛ የትም አንሄድም። [ዘጋው።] አሁን ለእህትህ።

ቀስዬ፦ እሷን ተዋት። ደንግጣ እዚያው ብትወልድስ?

ሊቄ፦ እሱስ እውነትህን ነው። መልእክት ልጻፍላት። [እየጻፈ] «ሻንጣው ይቀመጥ።» በቃ፣ ይገባታል።

[ሊቄ ፈገግታው ጆሮው ድረስ ደረሰ። ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሄድ ነው የመሰለው። ቀስዬ ግን በረዶ ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሣ ያያል።]

ቀስዬ፦ ሊቄ፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው ምን ነበር?

ሊቄ፦ ፕሮቲኑ።

ቀስዬ፦ ነጭ ክዳን ያለውስ?

ሊቄ፦ ፕሮቲኑ የሚቀመጥበት ፈሳሽ። ፕሮቲን የሌለበት፣ ባዶው። ምነው፣ ትምህርቱን ዛሬ ልትጀምረው ነው?

ቀስዬ፦ ሰማያዊው ሙሉ ነው።

ሊቄ፦ እሰይ፣ ለነገ ተረፈን።

ቀስዬ፦ ነጩ ጎድሏል።

ሊቄ፦ አፍስሰኸው ይሆናላ።

ቀስዬ፦ አላፈሰስኩም፣ ጠረጴዛው ደረቅ ነው።

ሊቄ፦ ተንኖ ይሆናል።

ቀስዬ፦ በረዶ ውስጥ?

ሊቄ፦ ታዲያ ማን ጠጣው?

ቀስዬ፦ ኩባያዋ።

[ሊቄ ወደ ኩባያዋ አየ፣ ወደ ነጩ ክዳን አየ፣ ከዚያ ወደ ቀስዬ።]

ሊቄ፦ ያቀበልከኝ ነጩን ነው?

ቀስዬ፦ መሰለኝ። ተሳሳትኩ።

ሊቄ፦ ሰው ሰማያዊና ነጭ ይሳሳታል? ኧረ በስመአብ። ፕሮፌሰር እንግዶች ይዘው እየመጡ፣ እኔ ኩባያ ውስጥ ምንም አልጨመርኩም። ምንም። ያንን ፈሳሽ ብቻ። በል ሌላ ኩባያ አዘጋጅ፣ ቶሎ በል።

ቀስዬ፦ እሺ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም።

ሊቄ፦ መቼ ገብቶህ ያውቃል?

ቀስዬ፦ ፕሮቲን ካልጨመርን ስቡን ማን አሻገረው?

[ሊቄ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ጥያቄ መጥቶ መልስ ሲጠፋበት ራሱንም ገረመው፤ ደረጃ ያለ መስሎት ባዶ ቦታ የረገጠ ያህል ደነገጠ።]

ሊቄ፦ ማንም አላሻገረው።

ቀስዬ፦ ኧረ ተሻግሯል። ለፕሮፌሰር የነገርካቸው አንተው ነህ።

ሊቄ፦ አልተሻገረም ስልህ። ኳሶቹ ፈርሰው ነው። ባዶው ፈሳሽ ውስጥም ሳሙናው አለ። ሳሙናው ኳሶቹን አፈረሳቸው፣ ቀለሙ ተበተነ፣ አበራ።

ቀስዬ፦ ጠብታ ናት ብለኸኝ ነበር።

ሊቄ፦ ለእኔና ለአንተ ጠብታ ናት። ለእነዚያ ኳሶች ጎርፍ ናት። [ወላጋዳው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።] ባለፈው ሳምንት ያየነውስ ብርሃን? ከዚያ በፊት ያየነውስ? ሁሉም ላይ ይሄው ሳሙና ነበረበት። ዓመታቱን ሙሉ የሳሙና ብርሃን እያየሁ ነው የጨፈርኩት።

ቀስዬ፦ አይዞህ።

ሊቄ፦ ምን አይዞህ አለው? እህትህ መልሳለች። [ስልኩን እያየ] «ወንድሜስ ምን አለ?» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ቀስዬ፦ «ቆይ» አለ በላት።

[ሊቄ አልሳቀም። ተነሥቶ ከመስኮቱ እስከ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ። በሩን ገርበብ አድርጎ ኮሪደሩን አየና ዘጋው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰው ሊያፍርበት ያለውን ነገር ሲናገር እንደሚያደርገው።]

ሊቄ፦ ስማኝ። እንግዶቹ የሚያዩት ስክሪኑን ነው። ክዳን አያዩም።

ቀስዬ፦ አያዩም።

ሊቄ፦ ሰማያዊውን ብንጨምርላቸውም ያበራል።

ቀስዬ፦ እንዴታ። ሳሙናው እሱም ውስጥ አለ።

ሊቄ፦ ማን ያውቃል?

ቀስዬ፦ ማንም። እኔና አንተ ብቻ።

ሊቄ፦ አንተ ደግሞ ትረሳዋለህ።

ቀስዬ፦ እኔስ ቶሎ ይጠፋኛል። የምታስቸግረው አንተ ነህ፣ ሁሉን ታውቃለህ።

[ሊቄ ቀስዬን ትክ ብሎ አየው። ቀስዬ ሁለተኛዋን ኩባያ እየወለወለ ነው፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ሊቄ ኩባያዋን ተቀበለውና ሰማያዊውን ብልቃጥ ራሱ ከበረዶው አነሣ፤ አሁን ክዳኑን ሁለት ጊዜ አየው። ጨመረ። መስመሯ እንደ ቅድሟ ተፈናጥራ ወጣች።]

ሊቄ፦ ይኸው። ያቺው ናት። ሳሙና።

ቀስዬ፦ ቆይ።

ሊቄ፦ እሺ፣ ቆየሁ።

ቀስዬ፦ የቅድሟ ዘልላ ቆማ ነበር። ይህቺ አልቆመችም።

[ሊቄ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ። መስመሯ ከዘለለች በኋላ ሽቅብ ትሳባለች፣ በጣም በዝግታ፣ ዳገት እንደምትወጣ ሴትዮ እያረፈች።]

ሊቄ፦ ይሄ በዝግታ የሚወጣው... ባዶው ላይ አልነበረም።

ቀስዬ፦ አልነበረም። የፕሮቲኑ ይሆን?

ሊቄ፦ አላውቅም።

ቀስዬ፦ ምን አልክ?

ሊቄ፦ አላውቅም አልኩ። ሳሙናውን አጥበን ሳናወጣ የማን እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ? ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

ቀስዬ፦ አንዴ ድገመው፣ ለእህቴ ድምፁን ልቅዳላት።

ሊቄ፦ ስልኬን አምጣ ይልቅ።

ቀስዬ፦ ለማን?

ሊቄ፦ ለፕሮፌሰር። ሻይ ሳይጨርሱ ልድረስባቸው። [ደወለ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ነፃ በሆነው እጁ የጋውኑን ቁልፍ ይፈትላል።] ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅድም ተሻገረ ያልኩዎት ሳሙና ነው። አዎ፣ ሳሙናው። ፕሮቲን የሌለበትን ጨምረን አየነው፣ እሱም አበራ። አይ፣ ከዚህ በፊት አልሞከርነውም። ማለቴ እኔ ነኝ ያልሞከርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀስዬ የለበትም። ምን አሉኝ? ስልኩ ክፍት ነው? እንግዶቹ እየሰሙ ነው? [ፊቱ አመድ መሰለ።] ጤና ይስጥልኝ እንግዶች። አዎ። አዎ፣ ከዘለለች በኋላ በዝግታ የምትወጣ መስመር አለች፣ የምን እንደሆነች ግን ገና አላውቅም። ማን ነው ባዶውን የሞከረው? [ቀስዬን አየ።] እሱ ነው፣ የሚስቴ ወንድም። እሺ። እሺ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። [ስልኩን ዘጋና እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።]

ቀስዬ፦ ተቆጡ?

ሊቄ፦ አልተቆጡም። አንደኛው እንግዳ ሳቁ። «ብርሃን የሚያሳየን ሞልቷል፣ ባዶውን ሞክሮ የሚነግረን ነው ያጣነው» አሉ። ሳሙናውን አስወጥተን እንደ አዲስ እንድንሠራው ጊዜ ሰጥተውናል። አልተዘጋም። ሰማህ? አልተዘጋም።

ቀስዬ፦ ሻንጣው ይቀመጣል በለኛ።

ሊቄ፦ ይቀመጣል። [ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ በጋውኑ እጅጌ ጠረገው። ደስ ሲለው እንባው ቅርብ ነው።] አንተ ዕድለኛ ጅል። ክዳን መለየት አቅቶህ ቤቴን አቆምክልኝ። አንድ ነገር ግን አለ። አሁን ሲወርዱ የሚያስረዳቸው ባዶውን የሞከረው ሰው ነው ብለዋል።

ቀስዬ፦ እኔ?

ሊቄ፦ አንተ። እንግዲህ እንዳታዋርደን። «ተሳስቼ ነው» እንዳትል። ሰማያዊና ነጭ የማይለይ ሰው እዚህ ምን ይሠራል ይሉናል። «ሆን ብዬ ነው» በላቸው። እስኪ ልስማህ።

ቀስዬ፦ ሆን ብዬ ነው።

ሊቄ፦ ኮስተር ብለህ።

ቀስዬ፦ ሆን ብዬ ነው።

ሊቄ፦ ጎበዝ። ውሸት እንዲህ ያምርብሃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀስዬ፦ ይሄ ውሸት አይደለም።

ሊቄ፦ እንዲያ ነው፣ ቢጠይቁህም ልክ እንዲያ ድርቅ በል።

ቀስዬ፦ ለእነሱ አይደለም የምለው፣ ለአንተ ነው። ውሸቱ ቅድም «ተሳሳትኩ» ያልኩህ ነው። እሱ ነው የከበደኝ።

[ኮሪደሩ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ መሰማት ጀመረ፣ ገና ሩቅ ነው።]

ሊቄ፦ አውቀህ ነው ነጩን የሰጠኸኝ?

ቀስዬ፦ አውቄ።

ሊቄ፦ ባዶውን እንሞክር አትለኝም ነበር?

ቀስዬ፦ ብያለሁ እኮ። አምናም ብያለሁ፣ ባለፈው ወርም ብያለሁ። ባልኩህ ቁጥር ለምን እንደማያስፈልግ አስረድተኸኝ ትሄዳለህ። ደግሞ ስታስረዳ ታሳምናለህ፣ እኔም አምኜ እመለሳለሁ። በኋላ ሳስበው፣ ትክክል ስናገር ትከራከረኛለህ፣ ስሳሳት ግን ሥራህን ጥለህ ታርመኛለህ።

ሊቄ፦ ይህንን ብቻህን አሰብከው?

ቀስዬ፦ የለም፣ እህቴ ናት የመከረችኝ። «እኔም ቤት ውስጥ እንደዚህ ነው የማደርገው» አለችኝ።

ሊቄ፦ ቆይ። የሕፃኑን አልጋ ገልብጣ ገጥማ፣ እግሩ ወደ ላይ ቆሞ ያገኘኋት ጊዜ...

ቀስዬ፦ ግጠምልኝ ስትልህ አልነበር የከረመችው?

ሊቄ፦ ሲመቸኝ አልኳት።

ቀስዬ፦ መቼ ተመቸህ?

[በሩ ተንኳኳ።]

ሊቄ፦ ያኔውኑ ገጠምኩት። እየሳቅኩባት።